የቅሬታ ደብዳቤ፦ ፍሬን በሌለው ብስክሌት ቁልቁለት መውረድ

ለብስክሌት ጉዞ አዘጋጁ ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ሐዋሳ

ጉዳዩ፦ ከሐዋሳ ወደ ይርጋለም በተደረገው የብስክሌት ጉዞ ላይ ቅሬታ ስለማቅረብ

በኅዳር ወር ድርጅታችሁ ባዘጋጀውና ከሐዋሳ ተነሥቶ በቱላና በአፖስቶ በኩል ይርጋለም በሚያበቃው የቅዳሜ ጉዞ ላይ እኔ፣ ታናሽ እህቴና የሥራ ባልደረቦቼ ሙሉውን ክፍያ ከፍለን ተሳትፈናል። ስንመዘገብ ጉዞው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ የሚሰጡን ብስክሌቶች ለዳገት የሚሆኑ ባለማርሽ እንደሆኑ፣ በእንሰት ማሳ፣ በቡና መፈልፈያ ጣቢያና በመጨረሻም በጊዳቦ ፍል ውሃ እንደምናርፍ፣ ከኋላችንም ውሃና መለዋወጫ የጫነ መኪና እንደሚከተለን ተነግሮን ነበር። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ስላልተፈጸመ፣ በተለይም ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት ስላጋጠመን ይህን ቅሬታ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የፍሬኑ ጉዳይ ነው። ቱላን ካለፉ በኋላ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈራረቁበት ከመሆኑም ሌላ ወደ ዲላና ወደ ሞያሌ የሚሄዱ ተሳቢዎችና አይሱዙዎች ቀኑን ሙሉ የሚመላለሱበት ዋና መንገድ ነው። እዚያ ላይ አንድ ረጅም ቁልቁለት ስንወርድ የእህቴ ብስክሌት የኋላ ፍሬን ጨርሶ አልይዝ አለ፤ የፊተኛውንም ስትጨብጠው ብረት ከብረት ሲፋጭ ተሰማ እንጂ ፍጥነቱ አልቀነሰም። በእግሯ አስፋልቱን እየጎተተች ከመንገዱ ወጥታ በእንሰት ማሳ አጥር ላይ ተደግፋ ቆመች፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ክርኗ ከመላላጡ በቀር ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም። ሆኖም ከኋላዋ ተሳቢ እየወረደ ነበር። ብስክሌቱን ገልብጠን ስናየው የፊተኛው ፍሬን ጎማ አልቆ፣ ጎማውን የያዘው ብረት ቸርኬውን ዙሪያውን ቦርቡሮታል፤ የኋላው ሽቦ ደግሞ ከመላላቱ የተነሣ መጨበጫው መሪውን እስኪነካ ቢሳብም ፍሬኑ ቸርኬው ጋ አይደርስም ነበር። እንዲህ ያለ ቡርቦራ በአንድ ጠዋት የሚመጣ አይደለም፤ ብስክሌቱ ከግቢያችሁ ሲወጣ ማንም እንዳላየው ያስረዳል።

በቅርብ ባገኘናት ትንሽ ከተማ አንድ ወጣት ብስክሌት ጠጋኝ ከሣጥኑ ባወጣው የፍሬን ጎማ አሮጌውን ቀይሮ ሽቦውን ሲወጥር፣ ያዘዝነው ሻይ እንኳ ገና አልቀረበም ነበር። ይህን የምጽፈው ሥራው ምን ያህል ትንሽ እንደነበር እንድታውቁት ነው። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ከፒያሳ እስከ ፍቅር ሐይቅ ለመንሸራሸር የደከመ ብስክሌትም ቢሆን ያደርስ ይሆናል፤ ያንኑ ብስክሌት ለሲዳማ ኮረብታ ማከራየት ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው።

ተከታዩ መኪናም ከቱላ በኋላ አልታየም። አስጎብኚው ደጋግሞ ቢደውልም ሹፌሩን ያገኘነው ይርጋለም ከደረስን በኋላ ነው። ስለ አስጎብኚው ግን በደል አልናገርም፤ የራሱን ውሃ አካፍሎናል፣ በየዳገቱ የሚወልቀውን ካቴና በእጁ ሲመልስ ውሏል።

በዚህ ሁሉ መዘግየት ዕረፍቶቹ ቀሩ። ኅዳር የሲዳማ ቡና ለቀማ የሚደራበት ወር በመሆኑ መፈልፈያ ጣቢያውን ማየት ለብዙዎቻችን የጉዞው ዋና ምክንያት ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመን፣ ሴቶች በማድረቂያው አልጋ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ከታጠበው ቡና መካከል የተበላሸውን ፍሬ እየለቀሙ ሲያወጡ ለጥቂት ደቂቃ ከማየት በቀር ወደ ውስጥ አልገባንም። ጊዳቦም ስለመሸ ተሰረዘ።

ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይደነግጋል። ስለሆነም ከከፈልነው ግማሹ ለሁላችንም እንዲመለስልን፣ የእህቴ የሕክምና ወጪ በደረሰኙ መሠረት እንዲተካ፣ ከዚህ በኋላም እያንዳንዱ ብስክሌት ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑ፣ ሽቦውና ካቴናው ደንበኛው ፊት ተፈትሾ እንዲፈረምበት እጠይቃለሁ። ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የመጨረሻው ይበልጣል፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ሌሎች ቤተሰቦች በዚያው ቁልቁለት ስለሚወርዱ ፍተሻው እስኪጀመር ጉዞው እንዲቆም አጥብቄ አሳስባለሁ። ምላሻችሁን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የጉዞው ተሳታፊ