ቅጂውን ማታ አትስሚ

ይድረስ ለልጄ፣

አክስትሽ እሑድ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ፣ ቀጥላ ስለ ቤት ኪራይ አወራችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጅህ አትተኛም» አለችኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ውሃ ልትጠጣ ብትነሳ፣ ያንን ነገር ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ወጥ ቤት ተቀምጠሻል። እንባሽ ይወርዳል፣ እጅሽ ይጽፋል። እናትሽ እንዳትሰማ ግቢ ወጥቼ ነበር የማወራው፤ ግን ሰምታለች፣ ታውቂያት የለ።

እናቴ፣ ቅጂውን ማታ አትስሚ። የወታደር ነገር በቀን ነው የሚሰማው፤ ሰው ሲያልፍ፣ መኪና ሲጮህ።

የወታደሮቹን ድምፅ እየቀዳሽ የምትጽፊውን መጽሐፍ ተይው አላልኩም። እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው የቀድሞ ሠራዊት አንድ በአንድ እያለፈ ነው፤ ሳያልቅ መጻፍሽ ደግ ነው። እዚህ የተጻፈውን እኔ አውቀዋለሁ፣ ስንቱን በዚህ ጣቴ ተይቤዋለሁ። ከኮሎኔል በላይ የሆነ ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ካርታው ያምራል፣ የክፍለ ጦሩ ቁጥር አይዛነፍም፣ ጥፋቱ ግን ሁልጊዜ የሌላው ዕዝ ነው። የኤርትራውን የአፋቤት ውጊያ ስንቴ ተየብኩት! የካቲት 1980 እዚያ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትእዛዝ ተረሸነ፤ በወሩ፣ መጋቢት ላይ፣ ዕዙ በጥቂት ቀናት ፈረሰ። ይኼን የማይጽፍ የለም። ኮዳው ባዶ ስለሆነበት ልጅ የሚጽፍ ግን ስንት አለ?

ደግሞ ተጠንቀቂ። በዓሉ ግርማ በ1975 «ኦሮማይ»ን ልብ ወለድ ብሎ አሳተመ፤ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ልብ ወለድ ማለቱ እንኳ አላዳነውም። አንቺ ደግሞ እውነት ነው ብለሽ ልትጽፊ ነው። ያቺን በስልክ የተረክሽልኝን የቤላሩስ ሴትዮ፣ አሌክሲየቪችን፣ አስቢያት። ሶቪየቶች ልጆቻቸውን ከአፍጋኒስታን በታሸገ የዚንክ ሣጥን ሲመልሱ እናቶቹንና ተመላሾቹን አናግራ ጻፈች። በኋላ ሚንስክ ላይ ፍርድ ቤት ያቆሟት እነዚያው ያናገረቻቸው ናቸው፤ አንዷ ልጇ የሞተባት እናት ነበረች። ኖቤሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ እስከዚያ ስንት ዓመት! እንግዲህ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢላቸው። አስፈርሚያቸው። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ቁርስ ብዪ። የላክንልሽ በሶ እስካሁን እንደታሰረ ነው አሉ፤ እናትሽ ሦስት ቀን ቆልታ ያስፈጨችውን! አላፈርሽም?

ማታ አትስሚ ስልሽ ፈሪ ስለሆንኩ እንዳይመስልሽ። መፍራቱንስ እፈራለሁ፤ ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ እኔ በዓይኔ ሰበብ ተመለስኩ፣ እኩዮቼ ታጠቅ ማሠልጠኛ ገቡ። ግን ሌላም ነገር አለ።

ያንን ሰማያዊ ሽፋን ያለው ሲናርላይን ደብተር ታስታውሺዋለሽ? አምስተኛ ክፍል ሳለሽ ከኋላው ባዶ ገጽ እየቀደድሽ ሥዕል የሳልሽበት፣ እኔ የተቆጣሁሽ። የአንድ ሃምሳ አለቃ ነበር። በ1993 ሱቄ መጣ፣ ሦስት ደብተር በፌስታል ይዞ። ያኔ አንድ ገጽ በ3 ብር ነበር የምተይበው። ሁለቱ ደብተር የውጊያ ታሪክ ነው፣ እንደማንኛውም። ሦስተኛው ስም ብቻ ነው። አፋቤት የቀሩት ጓደኞቹ፣ 143 ሰው። ማዕረግ የለ፣ ክፍለ ጦር የለ። ስሙ፣ አገሩ፣ አንድ ምልክቱ። «ከአርሲ፣ ጥርሰ ፍንጭት።» «ከደብረ ታቦር፣ ዋሽንት ይዞ የመጣ።» «አገሩን አልነገረኝም፣ ቀኝ እጁ ስድስት ጣት።»

ስም መተየብ ትዕግሥት ያስጨርሳል። አምስት ገጽ ይሆን ነበር፣ 15 ብር። ለእሱ ብር ያሰብኩ መስዬ፣ «ይኼን እንተወው፣ አንባቢ ይሰለቸዋል» አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ፣ ውስጡን አየት አደረገና መልሶ ደፋው። «አንተ ካልክ» አለኝ። አሥር ኮፒ አስጠርዞ ወሰደ፣ ደብተሮቹን ሌላ ቀን እወስዳለሁ ብሎ ቀረ። በ1995 ቤት ስንቀይር ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለቁራሌው ሸጥኳቸው። በኪሎ።

በ1996 አንዲት ሴትዮ መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች። ያንን ጥራዝ ይዛለች። መግቢያውን ገልጣ አሳየችኝ፤ «ስማቸው በመጨረሻው ገጽ ተዘርዝሯል» ይላል። ዝርዝሩን ስተው ያቺን ዓረፍተ ነገር ማውጣት ረስቻለሁ! የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የእኔ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ብቻ ነው። እሱን ተከትላ ነው የመጣችው። ሃምሳ አለቃውን ፈልጋው ነበር፣ ሞቷል አለችኝ።

«ወንድሜ ግራኝ ነበር» አለች። «ግራኝ የሚል አለበት?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሌለ ነገር ልፈልግ። ወደ ታች ወደ ላይ እያልኩ ቆየሁና «የለም፣ እናቴ» አልኳት። የለም! ሰርዤዋለሁ አላልኩም፣ ደብተሩን ሸጬዋለሁ አላልኩም። እሷ ደግሞ አመስግናኝ፣ ምናልባት ድንገት ቢገኝ ብላ ስልክ ቁጥር ጽፋልኝ ሄደች። ያ ቁጥር አሁንም አለኝ። የድሮው ነው፣ ስድስት አሃዝ። ቁጥሩ ከተቀየረ በኋላ ፊቱ ላይ እየጨመርኩ ደውዬ ነበር፣ አይሠራም።

ይኼን ለእናትሽም አልነገርኳት። እኔም ማታ ነው የሚመጣብኝ፤ ዝርዝሩን በቃሌ ልወጣው እሞክራለሁ፣ አሥራ አንድ ላይ ይቆማል። ከአሥራ አንዱ ግራኝ የለም። ስለዚህ ነው ማታ አትስሚ የምልሽ።

ሰኞ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ደምሽን ይዩልሽ፤ አክስትሽ ከስታለች ብላለች። ዶላር አትላኪ በዚህ ወር፣ አለን። የአጎትሽ ተዝካር ታኅሣሥ ላይ ሆኗል፣ ለእናትሽ ደውዪ እንጂ ለእኔ ብቻ አትደውዪ።

ያ አፋቤት ነበርኩ ያለሽ የታክሲ ሹፌር እስካሁን ያናግርሻል? ከእነሱ ጋር ግራኝ የሆነ ልጅ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ስሙን ካወቀ ጻፊው፣ አገሩንም። በቀን ጠይቂው።

አባትሽ