ውሾቹ ይከተቡ እንጂ አይመረዙ

ክቡር አዘጋጅ፣

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለቤት አልባ ውሾች በዛ ሲሉ ቶሎ የሚታሰበው መርዝ ነው። የሰፈራችን ወጣቶች ግን ከሥጋ ቤት ትራፊ እየለመኑ ያበሏቸዋል። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ያኔ ከየቤቱ የተረፈ እንጀራ ይሰበስባሉ። ያሾፈባቸው ሰው ብዙ ነው፣ እኔን ጨምሮ። አሁን ውሾቹ ለምደዋቸው ለመያዝ አያስቸግሩም። የቀረው ክትባት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 70 በመቶው ውሻ ከተከተበ የእብድ ውሻ በሽታ ስርጭት ይገታል። መርዙ ግን ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሳም ይገድላል። የከተማችን የእንስሳት ሐኪሞች፣ እባካችሁ አንድ እሑድ ክትባቱን ይዛችሁ ኑ። መያዙን ለእኛ ተዉት።

የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሰፈሩ ነዋሪ፣ ከደብረ ማርቆስ