ትርፍ አለ፣ ደመወዝ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቢዝነስ ገጻችሁን ሳላነብ አልውልም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህማ ስታዲየም አካባቢ ያለች አንዲት ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ማስታወቂያው ሳይቀር ነው የማነበው። ታዲያ አንድ ነገር ሆዴ ውስጥ ከረመ። ክረምት አልፎ የሒሳብ ሪፖርት መውጣት ሲጀምር ርዕሶቻችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። እገሌ ባንክ ይህን ያህል ቢሊዮን አተረፈ። የእገሌ ኢንሹራንስ ትርፍ በዚህን ያህል በመቶ አደገ። ከሥሩ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ። አለቀ።

ድርጅቱ ግን ውስጡ እንዴት ነው? ጤነኛ ነው ወይ? ይህን አትነግሩንም።

ከባንክ ሳይሆን ከማተሚያ ቤት ልነሳ። አብጠርጥሬ የማውቀው እሱን ነው። ሜክሲኮ አካባቢ በነበረ አንድ የግል ማተሚያ ቤት ለብዙ ዓመታት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ስሙን ልተወው፤ እንጀራዬ ነበር። በእኛ ሥራ ግንቦትና ሰኔ የደብተርና የመጽሐፍ ወቅት ነው። ነጋዴውም ትምህርት ቤቱም ለመስከረም ይዘጋጃል። ማሽኑ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ዕቃው በአይሱዙ እየተጫነ ይወጣል። አብዛኛው ታዲያ በዱቤ ነው። የሚከፈለን ወላጅ ለትምህርት ቤት ሲከፍል ነው፤ መስከረም፣ ሲብስም ጥቅምት። ወረቀትና ቀለም የሚያቀርብልን አስመጪ ግን ዱቤ የሚባል ነገር አያውቅም። እጅ በእጅ።

አንድ ዓመት ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ፣ ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ያልታየ ትርፍ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ለሠራተኛው ሁሉ ሚሪንዳና ኬክ አስመጣ። አጨበጨብን። ሐምሌ አለቀ፣ ደመወዝ የለም። ነሐሴ 5 የለም። ነሐሴ 10ም የለም። ጥበቃው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። በመስኮቴ በኩል ብቅ አሉና «ልጄ፣ ያን ለት አተረፍን ብላችሁ ሚሪንዳ አጠጣችሁን። ታዲያ ብሩ የት ገባ?» አሉኝ። መልሱ ፊቴ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ነበር። «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ይላል፤ በዱቤ ሸጠን ገና ያልተከፈለን ማለት ነው። ግን ተሰብሳቢ ሒሳብ ጤፍ አይገዛም። ዝም አልኳቸው።

ደመወዙ በሦስተኛው ሳምንት በኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሒሳባችን ውስጥ ከሌለን በላይ ባንኩ በወለድ እንድናወጣ በፈቀደልን ብድር፣ ተከፈለ። የባንኩ ወለድ ደግሞ ከዚያ ከተጨበጨበለት ትርፍ ላይ ደህና አድርጎ ጎመደ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የማንኛውንም ነጋዴ ድርጅት ሪፖርት ስከፍት ቀድሜ የማየው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውን፣ ብሩ በእውነት ስንት እንደገባና እንደወጣ የሚያሳየውን ገጽ፣ ነው። ትርፍ ባለበት ዓመት ከዋናው ሥራ የገባው ጥሬ ገንዘብ ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ወደ ማብራሪያዎቹ ገልጬ ማን ምን ያህል እንዳልከፈለ እፈልጋለሁ።

በዚያው ቤት አማካሪ ተቀጥሮ ስትራቴጂክ ዕቅድም ተሠርቶልን ነበር። የምታውቋት ባለአራት ሳጥን ሠንጠረዥ፦ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚ፣ ስጋት። ላሚኔት ተደርጋ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። ጥንካሬ በሚለው ሳጥን የመጀመሪያው መስመር «ልምድ ያለው የሰው ኃይል» ይላል። እውነቱን ልንገራችሁ? ያ የሰው ኃይል አንድ ሰው ነበር። ሃይደልበርጓን፣ ዋናዋን የማተሚያ ማሽናችንን፣ ከእሱ በቀር የሚያውቃት አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ ድምጿን ሰምቶ የትኛው ሮለር እንዳለቀ ይናገራል። ጡረታ ሲወጣ ማሽኗ 11 ቀን ቆመች። ጥንካሬ ብለን የሰቀልነው ነገር ዋናው ድክመታችን ነበር። ከሽያጫችን ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከአንድ ደንበኛ መሆኑን ደግሞ ከአራቱ ሳጥኖች በአንዱም ማንም አልጻፈውም። ድክመት በሚለው ሥር የተጻፈው «የማስተዋወቅ ሥራ በሚፈለገው ደረጃ አለመጠናከር» ነው። እንዲህ ዓይነት ድክመት ማንንም አያስቀይምም።

ይህን ሁሉ አሁን ምን አስነሳብኝ? ድሮ አክሲዮን የምንገዛው በዘመድ፣ በሰፈር ልጅ፣ በዕድር ጓደኛ ጉትጎታ ነበር። አሁን ጊዜው ተቀይሯል። አክሲዮን በይፋ የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፍቷል። ወጋገን ባንክም በዚያ የተመዘገበ የመጀመሪያው ባንክ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት እስከ የካቲት 2017 አክሲዮን በ300 ብር ሲሸጥ፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር መሆኑ ነው። ለገበያ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው። የገዙት ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች ናቸው። ያኔ ቡና ቤታችን ውስጥ ሁሉም «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ይል ነበር። ፕሮስፔክተሱን፣ ስለ ኩባንያውና ስለ አክሲዮን ሽያጩ ዝርዝር የሚሰጠውን ሰነድ፣ ከፍቶ ያነበበ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ሳነብ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ሙያዬ ሆኖ ነው።

እናንተ የምትጽፉት የትርፍ ርዕስ በዚህ ሰው እጅ ነው የሚገባው።

እስቲ የምታወጡትን ቁጥር አብረን እንየው። ብዙውን ጊዜ «ከታክስ በፊት» የሚለው ነው። ድርጅቱ የሚልክላችሁም ትልቁን ቁጥር ስለሆነ አይገርምም። ከ100 ብር ትርፍ ላይ 30 ብሩ የንግድ ትርፍ ግብር ነው። ባንክ ከሆነ ደግሞ ለዓመታት በኖረው ደንብ ከቀረው 70 ብር 25 በመቶው ለሕጋዊ መጠባበቂያ ይያዛል፤ 17 ብር ከ50። ባለአክሲዮን ሊከፋፈለው የሚችለው 52 ብር ከ50 ገደማ ነው፤ እሱም ጉባኤው ለካፒታል ማሳደጊያ ይዋል ካላለ። በርዕሳችሁ ያነበብነው ግን 100 ብር ነው።

ዕድገቱም እንደዚያው። ለምሳሌ ያህል የራሴን ቁጥር ልፍጠር። አንድ ባንክ አምና በ2 ቢሊዮን ብር ካፒታል 600 ሚሊዮን አተረፈ እንበል። ዘንድሮ ካፒታሉን 4 ቢሊዮን አድርሶ 800 ሚሊዮን አተረፈ። «ትርፉ በ33 በመቶ አደገ» ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ባለ 1,000 ብር አክሲዮን የያዘው ሰው ግን አምና 300 ብር ያስገኘለት አክሲዮን ዘንድሮ 200 ብር ነው ያስገኘለት። ይህ ደግሞ ብርቅ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን በ2013 ካዘዘና እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ከሰጠ ወዲህ ብዙዎቹ አዲስ አክሲዮን ለመሸጥ ሲሯሯጡ ነው የከረሙት።

የምንዛሪውንም ነገር አትርሱብኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የውጭ ምንዛሪ ሀብት የነበረው ባንክ ቁጭ ባለበት አተረፈ። በዶላር ዕዳ የነበረበት ኩባንያ ደግሞ ቁጭ ባለበት ከሰረ። ታዲያ «ሪከርድ ትርፍ» ብላችሁ ስትጽፉ ስንቱ የሥራ፣ ስንቱ የምንዛሪ እንደሆነ ለዩልን። ሪፖርቱ ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከኋላ፣ በደቃቃ ፊደል።

ለባንክ ንባቡ ከማተሚያ ቤት እንደሚለይም አውቃለሁ። ለባንክ ጥሬ ገንዘብ ራሱ ሸቀጡ ነው። እዚያ የምመለከተው ተቀማጩ ከማን እንደመጣ ነው። ከብዙ ሺህ ትንንሽ ቆጣቢዎች ነው ወይስ ነገ ተነስተው ሊሄዱ ከሚችሉ አምስት ትልልቅ ደንበኞች? ቀጥሎ ብድሩን አያለሁ። የተበላሸ ብድር ከጠቅላላው ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው የብሔራዊ ባንክ መስፈርት። ሁሉም «4 ነጥብ ምናምን» ብሎ ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ የመክፈያ ጊዜው ተራዝሞለት እንደ ጤነኛ የተቆጠረው ነው። እሱን ጠይቁልኝ።

ስትራቴጂውስ? ከ30 በላይ ባንኮች አሉን። ራዕያቸውን ብታነቡት ሁሉም «ተመራጭ» እና «ቀዳሚ» ለመሆን ነው የሚሠሩት። እኔ ራዕዩን ትቼ ብሩ የት እንደሄደ አያለሁ። ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ሰንጋ ተራ በእግር ስወጣ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ ፎቆቹን እቆጥራለሁ። ፎቅ መሥራት በራሱ ጥፋት አይደለም። ኪራይ ያስቀራል፣ መሬቱም ዋጋ ይጨምራል። ግን ፎቅ ቆጣቢ ገንዘቤን አምጡ ሲል በአንድ ቀን ተሸጦ አይከፈልም። በዚያ ላይ ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ለውጭ ባንኮች በሩ በሕግ ተከፍቷል። እነሱ ሲመጡ የሚፎካከሩት በፎቅ ርዝመት ይመስላችኋል?

ጥፋቱን በእናንተ ላይ ብቻ እንዳልደፋው። እኛ ባለአክሲዮኖችም የዋዛ አይደለንም። አምና ኅዳር ጥቂት አክሲዮን ባለኝ ባንክ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። የሪፖርቱ መጽሐፍ የተሰጠን በር ላይ፣ ከእስክሪብቶና ከጨርቅ ቦርሳ ጋር ነው። ውስጡን ሳናገላብጥ ንባቡ ተጀመረ። የውጭ ኦዲተሩ ሪፖርት በሰባት ደቂቃ አለቀ፤ ሰዓት ይዤ ነበር። ጥያቄ ሲባል አምስት ሰው ተነሳ። ሦስቱ «ዲቪደንዱ መቼ ነው የሚከፈለን?» አሉ። አንዱ የቅርንጫፍ ሠራተኞችን አመሰገነ። አንዱ የምሳው አዳራሽ ጠባብ ነው አለ። እኔ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓት አልቋል ተባለ። ከጎኔ የነበሩ እናት ቀሚሴን ጎተት አድርገው «ተዪው እባክሽ ልጄ፣ ሆዳችን ጮኸ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እሳቸውም አክሲዮኑን የገዙት ሱቃቸውን በሸጡበት ብር እንደሆነ ምሳ ላይ ነገሩኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ድርጅቱ የላከላችሁን መግለጫ እንዳለ ከማውጣታችሁ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት ሪፖርት ከጎኑ ዘርግታችሁ አንድ አንቀጽ ጨምሩበት። በአንድ አክሲዮን ስንት ተገኘ፣ ብሩ ገብቷል ወይስ ገና ወረቀት ላይ ነው፣ አምና እንሠራለን ያሉትንስ ሠሩ ወይ? ጋዜጠኞቻችሁ የሒሳብ ሰው ካጡ እኔ ጠዋት ጠዋት ያለሁበትን ከላይ ጽፌላችኋለሁ። ክፍያ አልፈልግም፤ ማኪያቶ ይበቃኛል።

የዘንድሮው ጉባኤ ኅዳር ላይ ነው። ስለተራዘሙት ብድሮች ያለኝን ጥያቄ ከአሁኑ በወረቀት ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ማይኩ እኔ ጋ እስኪደርስ የትም አልንቀሳቀስም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣች የሒሳብ ሠራተኛ
ከስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ