የጋዙ ነገር

አባዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎስ? የምታነብልዎት ሀያት ናት አይደል። ሀያትዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ፣ የማይጥምሽ ቦታ ስትደርሺም እንዳታልፊው።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ያህያ ሁለት የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲያወራ ያፏጫል። ሩቅያ አማርኛዋ ገና ነው፣ ፎቶዎን ስታይ ግን "አባዬ" ትላለች። የሀምቡርግ ብርድ ያው የደሴ ነው፣ የጦሳ ተራራ የለውም እንጂ።

ባለፈው በስልክ "አሁንም መብራት ነው የምትሠሪው?" ብለው ሳቁብኝ። አዎ፣ መብራት ነው። መዳብ ያለበት እንደ ሸክላ ያለ ነገር አለ፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ምንም ሳያባክን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 እነ አንድሪያ ካቫሌሪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ነገር በዓይን በማይታይ የሌዘር ብርሃን መቱት፤ ያለ ብርሃኑ በማያሳየው ሙቀት ያንን ጠባይ የሚመስል ነገር አሳየ። ቶሎ ይጠፋል ታዲያ። አንዲትን ሰከንድ ሚሊዮን ቦታ ቢቆርጧት፣ ቁራጯን ደግሞ እንደገና ሚሊዮን ቦታ ቢቆርጧት (እርስዎ መቀስ ያውቃሉ)፣ በዚያች ቁራጭ የሚቆጠር ጊዜ ነው የሚቆየው። እኔ እንዲቆይ ነው የምለፋው።

ለዚህ ገንዘብ ያስፈልጋል። የአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪ ለ5 ዓመት እስከ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ይሰጣል። አይደንግጡ፣ ኪሴ አይገባም፤ ለሌዘሩ፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለተማሪዎች ደሞዝ ነው። ለዚህ ብርሃን ያን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት ለምን እንደሚገባ ስጽፍ እጄ ቆመ። ኩራዟ ትዝ አለችኝ።

9ኛ ክፍል ነበርኩ። "ለሴት ልጅ ጋዝ አላቃጥልም" ብለው እፍ አሉብኝ። እማዬም ዝም። ጋዝ ውድ እንደነበር አውቃለሁ፣ የሰርግ ልብስ ሰፍተው ገንዘቡን የከለከሉዎትንም አውቃለሁ። ግን ወንድሜ ኸሊል ያነበበው በዚያው ጋዝ ነው እኮ! ፒያሳ ሱቅ ቁጭ ብዬ መርፌዎ ላይ ክር የማስገባው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ኸሊል አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሰፉልኝ ካፖርት ዛሬም አለ። እሱንም አልረሳሁም።

የዓይንዎ ሞራ ነገር አሁን አይቆይ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄደው ያስገፍፉት። ቀድመው ስኳርዎን ይለኩ። መድኃኒቱንም ሐኪሙ ሳያዝ በራስዎ እንዳያቆሙ። ባጃጅ ይንጣል፣ ኸሊል መኪና ፈልጎ ያድርስዎ።

እመጣለሁ ብዬ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው ጥቅምት ላይ ነው፣ ኮንትራቴም እያለቀ ነው። አልመጣም አባዬ። ይኸው፣ ይህን ለመናገር ስንቱን ዞርኩ። ቂም ይዛ ነው እንዳይሉኝ፤ ይዤ እንደሆነም እኔ እንጃ።

ፋሻው የሚፈታ ቀን ሀያት በቪዲዮ ትደውልልኝ። መብራት ከጠፋ በባትሪ አብርታ ታሳየኝ።

ልጅዎ ዘይነብ