ሞዴሉ ሲቀል ምን እንደተተወ ይነገረን

ክቡር አዘጋጅ፣

ብዙ ዝርያ ስላላቸውና በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ቫይረሶች በሚወጡ ዘገባዎች፣ ትንበያው የተመሠረተበት የሂሳብ ሞዴል ቀለል ተደርጎ የተሠራ መሆኑ ሲገለጽ ብዙ አንባቢ እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። ሞዴሉን ማቅለል ግን አማራጭ የሌለው ሥራ ነው፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሲቀል ምን እንደተተወ ነው።

ከርማክና ማኬንድሪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1927 መሠረቱን በጣሉት ሞዴል ሰዎች ለበሽታው የተጋለጡ፣ የተያዙና ያገገሙ ተብለው በሦስት ይመደባሉ። ዝርያው አንድ ሲሆን ይህ ይበቃል። ሲበዛ ግን እያንዳንዱ ሰው ቀደም ሲል በየትኞቹ ዝርያዎች እንደተያዘ መለየት ስለሚያስፈልግ፣ አንድ ዝርያ በተጨመረ ቁጥር የምድቦቹ ብዛት እጥፍ ይሆናል፤ 10 ዝርያዎች 1,024 ምድቦችን ይጠይቃሉ፣ 20 ዝርያዎች ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ 33 ሲደርሱ ደግሞ የምድቦቹ ቁጥር ከዓለም ሕዝብ ይበልጣል። ይህን ሁሉ ምድብ የሚሞላ የምርመራ መረጃ ከየትም አይመጣም።

ጁሊያ ጎግና ብራያን ግሬንፌል እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት የየሰዉን የሕመም ታሪክ ትተው፣ ለየዝርያው አሁን ምን ያህል ሰው ተጋላጭ እንደሆነና ምን ያህሉ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ብቻ ያዙ። በዚህ መንገድ ለ20 ዝርያዎች 40 እኩልታዎች ይበቃሉ። የተከፈለበት ዋጋ ግን አለ፤ በአንድ ዝርያ የተያዙ ሰዎች ሁሉ ለተቀራራቢው ዝርያ ከፊል መከላከያ ያገኛሉ ከማለት ይልቅ፣ ከፊሎቹ ሙሉ በሙሉ እንደተጠበቁ፣ የቀሩት ምንም መከላከያ እንዳላገኙ ይታሰባል። በሰውነታችን ውስጥ ነገሩ እንዲህ ቁርጥ ያለ አይደለም። ያም ሆኖ ለኢንፍሉዌንዛ ግምቱ የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ እዚያ ዝርያዎቹ በተቀራረቡ መጠን አንዱ ለሌላው የሚያስገኘው መከላከያ ስለሚጨምር ነው።

ደንጌን በዚሁ ግምት መመልከት ግን ያሳስታል። አራት ዓይነት ያለው ይህ ቫይረስ አንዴ የያዘውን ሰው በሌላው ዓይነት ዳግም ሲይዘው ሕመሙ ሊጠና ይችላል፤ ቀድሞ የተገኘው መከላከያ ራሱ ለአዲሱ መንገድ ሊከፍት ይችላልና። ያለፈ ሕመም ሁልጊዜ ይጠብቃል ብሎ የተነሣ ሞዴል፣ ስሌቱ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ይህን አያሳይም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ እንዲህ ያሉ ትንበያዎችን ሲያትም ዝርያዎቹ እንዴት እንደተመደቡና ካለፈ ሕመም ምን ዓይነት መከላከያ ይገኛል ተብሎ እንደታሰበ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገርም ቢሆን፣ ከቁጥሩ ጎን እንዲያሰፍር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ