«መጀመሪያ ትመረቅ» ሲባል ቦታው ያልቃል

ሰላም ለጋዜጣችሁ አዘጋጆች፣ በየዓመቱ የተመራቂ ልጆቻችንን ፎቶ ስታወጡ ደስ እያለኝ ነው የማየው፣ ግን ሕግ ከተመረቁት ውስጥ ስንቱ በዓመቱ ሱቅ ውስጥ ወይ ኮል ሴንተር እንደሚሰራ ስለማውቅ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ ውጤታቸውማ ያስቀናል። ችግሩ እዚህ እንግሊዝ አገር ትልልቆቹ ሎው ፈርሞች (የጠበቆች ድርጅቶች) ሰው የሚይዙት ስራው ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው ነው፣ ይሄንን ደግሞ ቤት ውስጥ የሚነግራቸው የለም፣ እኛ ቤት የሚባለው «መጀመሪያ ትመረቅ» ነው በቃ።

እኔ ሎንደን ውስጥ አንድ ትንሽ የሕግ ቢሮ ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነኝ፣ የቤት ኪራይና የኢሚግሬሽን ኬዝ ነው የምንይዘው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች ልጆች የማመልከቻ ፎርማቸውን ይዘው ይመጡና አብረን እናያለን። ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሬኒንግ ኮንትራክት የሚባለው ሁለት ዓመት ደሞዝ እየተከፈለህ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ክፍል እየቀየርክ ሶሊሲተር (ፈቃድ ያለው ጠበቃ) ለመሆን የምትሰለጥንበት ነው። ወደዛ የሚያስገባው ዋናው በር ደግሞ ቫኬሽን ስኪም ነው፣ በዊንተር በስፕሪንግ ወይ በሰመር እረፍት አንድ ሁለት ሳምንት (እስከ አራት ሳምንት የሚሄድም አለ) ፈርሙ ውስጥ ገብተህ ትሰራለህ፣ መጨረሻ ላይ ኢንተርቪው ያደርጉህና ከዛው ውስጥ ይመርጣሉ። ብር ይከፈላል እኮ፣ በሳምንት 400 እና 500 ፓውንድ የሚሰጡ አሉ፣ አንዳንድ አባቶች «በነፃ ሊያሰሯት ነው» ሲሉ ስለምሰማ ነው ይሄን የማነሳው። የሕግ ተማሪ የሚያመለክተው ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው፣ ሌላ ትምህርት የሚማር ደግሞ የመጨረሻው ዓመት ላይ (አዎ ታሪክም ኬሚስትሪም ተምሮ መግባት ይቻላል፣ በኋላ የመቀየሪያ ኮርስ ይወስዳል)። የሰመሩን ብዙዎቹ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ይዘጉታል፣ ጭራሽ አንዳንዶቹ ቀኑ ሳይደርስ የመጣላቸውን እያነበቡ ቦታውን እየሞሉ ነው የሚሄዱት። ተመርቆ፣ ጋውን መልሶ፣ ድግስ ተበልቶ ሲቪ መጻፍ የጀመረ ልጅ ሰርግ ቤት ድስቱ ከታጠበ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ ነው።

ወላጆችን ለመውቀስ አይደለም። አገር ቤት ጠበቃ ሲባል የምናውቀው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚሰራ ሰው ነው፣ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ራሱ የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፣ ትናንት ማለት ነው። እና አንድ ፈርም ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጠበቃ አለ፣ አብዛኛው ፍርድ ቤት ቆሞ ተከራክሮ አያውቅም፣ ስራው ኩባንያ ሲሸጥ ባንክ ሲያበድር ውል ማርቀቅ ነው ስትላቸው ግራ ቢገባቸው ምን ይገርማል።

ወደ ፎርሙ ልምጣ፣ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና። አንድ ልጅ ፎርሙን ከፍቶ አሳየኝ፣ የስራ ልምድ የሚለው ቦታ ባዶ። ለምን ስለው «ሎው ፈርም ሰርቼ አላውቅማ» አለኝ። ይሄ ልጅ ከሀይስኩል ጀምሮ ቅዳሜና እሁድ አክስቱ እንጀራ ቤት ነው የሚውለው፣ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ እንጀራው ካርጎ ላይ ሲዘገይ ሬስቶራንቶቹን ደውሎ የሚያረጋጋው እሱ ነው። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ደግሞ ስለ ኮሜርሻል አዌርነስ ነው፣ ማለትም ቢዝነስ እንዴት እንደሚሰራ ይገባሃል ወይ ነው የሚሉት፣ እሱ እዛ ላይ ከኢንተርኔት የገለበጠውን ስለ ወለድ መጠን የሚያወራ ደረቅ አንቀጽ አስገብቷል። እስቲ ጤፉ ለምንድነው እዚህ መጥቶ የማይጋገረው አልኩት፣ ያለማቆም አወራኝ፣ ኢትዮጵያ ጥሬ ጤፍ እንዳይወጣ ለብዙ ዓመት ከልክላ እንደነበር፣ የተጋገረው ግን በአውሮፕላን እንደሚወጣ፣ በአውሮፕላን ሲመጣ ኪሎው ስንት እንደሚያስጨምር፣ ከመጣ በኋላ በስንት ቀን ካልተሸጠ እንደሚሻግት፣ አክስቱ ለምን ሁለተኛ አቅራቢ እንደያዘች። ኧረ በስንት ጣዕሙ! ፓርትነሮቹ (የፈርሙ ባለቤቶች) ሊሰሙ የሚፈልጉት ይሄንን ነው፣ መንግስት አንድ ነገር ሲከለክል ዋጋው የት ላይ እንደሚወጣ በአይኑ ያየ ልጅ። የወለዱን አንቀጽ አጠፋነው።

ሌላው ገመና የምንለው ነገር ነው። ፎርሙ ላይ ትምህርት ቤት ነፃ ምሳ ትበላ ነበር ወይ፣ እናት አባትህ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል ወይ፣ የ14 ዓመት ልጅ ሳለህ ቤቱን የሚያስተዳድረው ሰው ስራው ምን ነበር፣ በስደት ነው የመጣኸው ወይ የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ድህነታችንን ለፈረንጅ ምን አናገረሽ» ብለው ልጅቷን የሞላችውን አስጠፍተዋታል። እማዬ፣ ይሄ ምጽዋት መለመኛ አይደለም። ብዙ ፈርሞች የልጁን የኤ ሌቭል (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ውጤት ከተማረበት ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ጋር የሚያስተያይ ሲስተም አላቸው፣ ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሁሉ በልጦ አንድ ኤና ሁለት ቢ ያመጣውን ልጅ ከግል ትምህርት ቤት ከመጣው ባለ ሦስት ኤ ልጅ እኩል አድርገው ሊያዩት የሚችሉት ያን ካወቁ ብቻ ነው። ካልነገርካቸው ከየት ያውቃሉ? ደግሞ የ14 ዓመቱ ጥያቄ ላይ ልጆቻችን ይሳሳታሉ፣ አባትየው አዲስ አበባ ኢንጂነር የነበረ ከሆነ ኢንጂነር ብለው ይሞላሉ፣ የተጠየቀው ግን በ14 ዓመትህ ነው፣ ያኔ አባትህ ሎንደን ሚኒካብ ይነዳ ከነበረ ሚኒካብ ብለህ ጻፍ። ዩኒቨርሲቲ ገብቷል ወይ የሚለው ላይ ግን አዎ ከሆነ አዎ በል፣ መዋሸት አያስፈልግም።

ከፎርሙ ቀጥሎ ዋትሰን ግሌዘር የሚባል የማመዛዘን ፈተና አለ፣ ብዙ ጊዜ 40 ጥያቄ በ30 ደቂቃ። እሱ ላይ ጎበዞቹ ናቸው የሚወድቁት፣ ምክንያቱም ከራሳቸው እውቀት ይጨምራሉ፣ ፈተናው ደግሞ ከተጻፈው ውጭ ምንም አታምጣ ነው የሚለው፣ ኦንላይን ነፃ መለማመጃ ስላለ ደጋግሞ መስራት ነው። ከዛ ቪዲዮ ኢንተርቪው፣ ከሰው ጋር እንኳን አይደለም፣ ጥያቄው ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ሰዓት እየቆጠረ ብቻህን ለካሜራ ታወራለህ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ መድገም የለም። አንዷ ልጅ «ለምን የኛን ፈርም መረጥሽ» የሚለውን ጥሩ አድርጋ እየመለሰች ከጀርባዋ እናቷ አዲስ አበባ ደውለው «ሃሎ! ይሰማል? ሃሎ!» ሲሉ አብሮ ተቀርጿል። እኛ ቤት ስልክ በጩኸት ነው የሚወራው እንግዲህ። ወላጆች፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቤቱን ጸጥ ብታደርጉላት ከምትገዙላት ሱፍ ይበልጣል።

ስኪሙ ውስጥ ከገቡ በኋላ ስለ ፆም የሚጨነቁም አሉ፣ የስፕሪንጉ አንዳንዴ ሁዳዴ ላይ ስለሚገጥም። ቪጋን ነኝ ብሎ ቀድሞ በኢሜይል መናገር ነው፣ ማንም ምንም አይልም። ማታ ማታ የወይን ብርጭቆ ይዘው የሚቆሙበት ዝግጅት ላይ ደግሞ ውሃ ይዞ መቆም ነውር አይደለም፣ ነውሩ ጥግ ይዞ ስልክ ማየት ነው።

ፈርሞቹንም ሳልናገር አላልፍም። አንዱ ስሙን የማልጠራው ፈርም ሦስት ዙር ያሳለፋትን ልጅ በሌሊት በመጣ ባለ ሁለት መስመር ኢሜይል ሸኝቷታል፣ ምክንያት የለ ምን የለ፣ አሴስመንት ሴንተር (የመጨረሻው የመምረጫ ዙር) ድረስ ያስመጣኸውን ሰው ምን እንደጎደለው መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዳይቨርሲቲ እያሉ ዌብሳይታቸው ላይ ፎቶ መደርደሩን ያውቁበታል።

ካልተገኘስ? ካልተገኘ አላለቀም። በፈረንጆቹ ከ2021 ጀምሮ ኤስኪውኢ የሚባለው የሶሊሲተርነት ፈተና መጥቷል፣ የሁለት ዓመቱ የስራ ልምድ እስከ አራት ቦታ ተደምሮ ይያዛል፣ ፓራሊጋልነትም ሎው ሴንተር (ነፃ የሕግ ምክር መስጫ) ውስጥ በነፃ ያገለገልክበትም ሶሊሲተር ከፈረመልህ ይቆጠራል፣ እኔም በዚሁ መንገድ ላይ ነኝ። ግን አላታልላችሁም፣ ፈተናው ብቻ ሁለቱ ክፍል ተደምሮ ወደ 5 ሺህ ፓውንድ ይጠጋል፣ ማጥኛ ኮርሱ ለብቻው ነው፣ ትልልቆቹ ፈርሞች ግን ለመረጡት ልጅ ይሄን ሁሉ ይከፍሉለታል፣ በመጀመሪያው የስልጠና ዓመት ደግሞ ከ50 ሺህ ፓውንድ በላይ ይሰጣሉ። ልዩነቱ ይሄን ያህል ነው። ከኤ ሌቭል በኋላ በቀጥታ ስራ እየሰሩ በስድስት ዓመት ሶሊሲተር የሚሆኑበት አፕሬንቲስሺፕም አለ፣ የዩኒቨርሲቲ እዳ የለበትም፣ ለጎረቤት ሲነገር አያምርም ብላችሁ ካልሆነ በቀር።

እናንተንም የምጠይቃችሁ፣ ዴድላይኖቹ የት እንደሚታዩና መቼ እንደሚጀመር የሚናገር አጭር ነገር በየሴፕቴምበሩ ብታወጡ፣ ከፈለጋችሁ እኔ ጽፌ እልካለሁ፣ በነፃ። አንደኛ ዓመት ላሉትም ለነሱ ብቻ የሚዘጋጅ የአንድ ሁለት ቀን ፕሮግራም ስላለ እነሱንም አትርሷቸው።

በመጨረሻ ስለ ትኬት። ባለፈው አንዲት ልጅ የሰመር ስኪም ካገኘች በኋላ የቤተሰቡ የአዲስ አበባ ትኬት ጁላይ ላይ ተቆርጦ አያት እየጠበቁ ነው ተብላ ስታለቅስ ነበር፣ ቀን ማስቀየሪያው ብር ስለሆነ ቤቱ ተጨቃጨቀ። ስኪሞቹ አብዛኞቹ ጁንና ጁላይ ላይ ስለሆኑ ሁለተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ያላችሁ ሰዎች ትኬቱን ኦገስት ላይ አድርጉት፣ አዲስ አበባ ዝናብ ነው ግን ለአያት ዝናብ ምናቸው ነው።

አክባሪያችሁ፣
ከሎንደን