ቁልፉን አስረክቤያለሁ፤ ምስጋናው ግን ይቀረኛል

ሰላም ለሁላችሁም።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ፓስወርድ ሥራውን ለሚረከቡት ልጆች አስረከብኩ። በኮምፒውተር አማርኛ የሚጻፍበት የኪቦርድ ፕሮግራማችንም ሆነ የፊደል ማረሚያችን ከእንግዲህ በእኔ እጅ አይለቀቅም። 13 ዓመት ነው። ቁጥሩን ስጽፈው ራሴም ቆም ብዬ አየሁት።

የዓይኔን ነገር አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ሐኪሙ ስክሪን ቀንስ አለኝ፣ ቀነስኩ፣ አልበቃም። በቃ ይኸው ነው። ዛሬ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ፊደሉን አተልቄ፣ በየመሐሉ እያረፍኩ ስለምጽፍ ወዲያና ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ከእትዬ ልጀምር። ከእሳቸው ካልጀመርኩ ሌላው አይመጣልኝም።

እትዬ ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል፣ ቃሌን አከብራለሁ። ከመንዝ፣ ከተጉለት፣ ከአንኮበር፣ ከሞረትና ጅሩ ለጉዳይ የሚመጣ ስንቱ ሰው ማመልከቻውን ያጻፈው እሳቸው ጋ ነው። በታይፕራይተር ዘመን የጀመሩ ስለሆኑ አሥሩም ጣታቸው ይሠራል። ሲጽፉ ኪቦርዱን አያዩም። የሚያዩት ባለጉዳዩን ነው፤ ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ እያዳመጡ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያሉ፣ እጃቸው ለብቻው ይሄዳል።

በ2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቨርዥን በፍላሽ ይዤ ገባሁና ኮምፒውተራቸው ላይ ጫንኩላቸው። ሁለት መስመር ጻፉ። ዝም አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው "ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ፊደል ይበላል" አሉኝ።

እኔ ለወራት ስጽፍበት አንድም ቀን አላየሁትም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ ኪቦርድ አብዛኛው ፊደል የሚወጣው ሁለት ቁልፍ ተነክቶ ነው። ተነባቢውን ስትነኩ መጀመሪያ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢው ሲከተል ያ ሳድስ ይነሳና በቦታው ግዕዙ ወይም ካዕቡ ወይም ራብዑ ይገባል። እኔ ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ሁልጊዜ ይደርስልኛል። እትዬ ግን ፕሮግራሙ ሳድሱን አንስቶ ሳይጨርስ ቀጣዩን ነክተውታል። "በደል" ብለው የጻፉት "ብደል" ሆኖ ይቀራል።

አጠገባቸው የተቀመጡትን ሽማግሌ አሳዩኝ። "እኚህ አባት ማንበብ አይችሉም። እኔን አምነው ነው አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉት። ዳኛ ፊት 'ብደል' አስይዤ ልላካቸው?"

ያቺን ጥያቄ 13 ዓመት ይዣት ኖሬያለሁ።

ለሦስት ሳምንት ከሥራ መልስ እየሄድኩ ከጎናቸው ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እጃቸውን እያየሁ ኮዱን ጻፍኩ፣ አጠፋሁ፣ እንደገና ጻፍኩ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ማታ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፣ ጣት አይታዘዝም። እትዬ ከሰሉን ከራሳቸው እግር ሥር አንስተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። "የኔ እጅ ለምዷል፣ ያንተ ይሙቅ" አሉኝ። ያን ማታ ያየሁትን እጅ አልረሳም። በብርድ የተሰነጠቀ፣ የአውራ ጣቱ ጫፍ በቀለም የጠቆረ እጅ ነው።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ቨርዥን መጀመሪያ የሚሞከረው እሳቸው ጋ ሆነ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ቸኩዬ እሳቸው ሳያዩት ለቀቅኩ። በማግስቱ ጠዋት ደወሉ። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ጓ የለም" ብቻ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አንድ መስመር ስነካካ "ጓሳ" ሲጻፍ "ግዋሳ" እየሆነ ነበር። ለሌላ አገር ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። መንዝ ውስጥ ግን ጓሳ ቤት የሚከደንበት ሣር ነው፣ አገሬው ተስማምቶ ሲጠብቀው የኖረው መሬትም ስም ነው፤ የመንዝ ሰው ያለ ጓ ማመልከቻ አይጽፍም። ሌሊቱን አስተካክዬ ላክሁ።

ጓንና ቋን ካነሳሁ አይቀር፣ ፊደላችንን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ በሚጠቀምበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ያስገቡትን ሰዎች ላመስግን። እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ በ3.0 ቨርዥን። አንዳቸውንም በአካል አላውቅም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፎንት የየራሱ አቀማመጥ ነበረው፣ አንዱ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቤት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆን ነበር። እትዬ ያንን ዘመን በደንብ ያስታውሱታል፤ ባለጉዳይ ዲስኬት ይዞ መጥቶ ወረቀቱን እንደገና ከመጀመሪያው የጻፉለት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለ እትዬ ደብተርም ልንገራችሁ። የፊደል ማረሚያውን ስንጀምር የተጠቀምነው ሀንስፔልን ነው። ለሀንጋሪኛ ታስቦ የተሠራ፣ ዛሬ ሊብሬኦፊስም ፋየርፎክስም የሚጠቀሙበት ነፃ ፕሮግራም ነው። ሀንጋሪኛም እንደኛው ቃል ላይ ብዙ ነገር የሚቀጥል ቋንቋ ስለሆነ ይረዳናል ብለን ነበር፣ ረዳንም። ግን አማርኛ ፊትም ኋላም ይቀጥላል፣ ሆዱንም ይለውጣል። ሰበረ፣ ይሰብራል፣ አልተሰበረችም፣ ስለማይሰበርላቸው፤ ይህን ሁሉ ለማሽን ማስረዳት የዓመታት ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ማረሚያው ከማያውቀው ቃል ሥር ሁሉ ቀይ ያሰምራል። የሰው አገር ስም ሥር ሳይቀር። ቡልጋ ቀይ። ይፋት ቀይ። መርሐቤቴ ቀይ።

እትዬ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዙ። በግራ በኩል ቀይ የተሰመረበትን፣ በቀኝ በኩል ባለጉዳዩ ራሱ እንዴት እንደሚለው ጻፉ። ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የወንዝ ስም፣ ጥማድ፣ አዋሳኝ፣ ባላገሩ ስለ መሬቱ ሲያወራ የሚላቸውን ቃላት ሁሉ። ያቺ ደብተር ስታልቅ ሌላ ገዙ። ዛሬ ሰባት ናቸው። በገንዘባቸው፣ በጊዜያቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ዛሬ ማረሚያው ላይ አገራችሁን ጽፋችሁ ቀይ ካልመጣባችሁ ከደብተሮቹ በአንዱ ገብታ ይሆናል።

እዚህ ጋ ትንሽ አርፌ ነበር። ልቀጥል።

ከአዲስ አበባ የሚመላለሰው የአውቶቡስ ረዳት፣ ወንድሜ፣ አንተን መቼም አልረሳህም። ኢንተርኔት እኛ ጋ በጠፋባቸው ወራት፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ሁሉ፣ ፍላሻችንን በወረቀት ጠቅልለህ ደረት ኪስህ ውስጥ ከትተህ 130 ኪሎ ሜትር ታደርስልን ነበር። ላምበረት መናኸሪያ ጓደኛችን ይቀበልህና ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ይጭነዋል፣ ሰው የላከልንን መልእክት ደግሞ እዚያው ፍላሽ ላይ ገልብጦ ይመልስልሃል። አንድ ቀን ሂሳብ ስጠይቅህ "ፍላሽ ወንበር አይዝም" ብለህ ሳቅህ። ያን ዓመት ሥራው ያልቆመው በአንተ ነው። ስምህን ብጽፈው ደስ ባለኝ፣ ግን ሳላስፈቅድህ አልጽፍም።

መሪጌታ፣ እርስዎንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ ላይ ማረሚያው ምን ያድርግ ብለን ወር ሙሉ ስንከራከር፣ ገሚሶቻችን "ሁሉንም አንድ እናድርጋቸው" ስንል፣ ቁጭ ብለው ሰአለ እና ሠዐለን ጻፉልን። አንዱ ለመነ፣ አንዱ ሥዕል ሣለ። ከዚያ በኋላ ያ ክርክር አልተነሳም። ማረሚያው ሁለቱንም ይቀበላል፣ የፈለገ ሰው ግን በጥብቁ የግዕዝ ሥርዓት እንዲያርምለት መምረጥ ይችላል። ያ ምርጫ የእርስዎ ነው።

ቃል የለቀማችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከውጭ ሆናችሁ የሰርቨሩን ኪራይ በየዓመቱ ስትከፍሉ የኖራችሁም እንደዚሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስህተት እያያችሁ የጻፋችሁልኝ፣ በቁጣ የጻፋችሁትም ጭምር፣ አመሰግናለሁ።

አንድ ድርጅት ስሙን ቀይሮ ሥራችንን ሲሸጥ የነበረ ጊዜ ደብዳቤ የጻፈልን ጠበቃም አለ። መሸጡን ፈቃዳችን አይከለክልም፣ ጂፒኤል የሚባለው የነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው፤ ኮዱንና ፈቃዱን ከገዢው መደበቁ ነው ጥፋቱ። ጠበቃው ሳንቲም አልተቀበለንም። ወንድሜ፣ ክበርልኝ።

ባለቤቴን እዚህ ማመስገን ይከብደኛል፤ ቤት ውስጥ እነግራታለሁ። ስንት ቅዳሜ እንደወሰድኩባት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ስለ ልጆቹ። ሁለት ናቸው፣ አንዷ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ሸዋ ሮቢት። ብዙዎቻችሁ "ለምን ርክክቡ ዓመት ፈጀ?" ብላችሁኛል። ምክንያቱ የኤክስዜድ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ኤክስዜድ ሊኑክስ በሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ያለች ትንሽ የፋይል መጭመቂያ ናት። አንድ ሰው በነፃ፣ ለብቻው፣ ደክሞት፣ ለዓመታት ይዟት ኖረ። የማያውቀው ሰው መጣና እየረዳው እምነቱን አገኘ፣ ሥልጣኑንም ተካፈለ፣ በመጨረሻ ኮዱ ውስጥ የጓሮ በር፣ ማለትም ወደ ሰው ኮምፒውተር ሰርጎ መግቢያ፣ ደብቆ ለቀቀ። የተያዘው አንድ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ወደ ሰርቨሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቷ ስለቆረቆረው ነው። ያንን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የደከመው ሰውዬ እኔን መሰለኝ። ኪቦርድ ደግሞ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ የሚያይ ፕሮግራም ነው፤ ፓስወርድም፣ የባንክ ቁጥርም፣ የእኒያ አባት በደልም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ዓመቱን በአካል እየተገናኘን ጨረስነው። አሁን አንድ ቨርዥን የሚለቀቀው ሁለቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው። ልጆች፣ ያን ሁሉ ጥያቄዬን ሳትሰለቹ ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። አምኛችኋለሁ።

ወደ እትዬ ልመለስ፣ አንድ ነገር ቀርቶኛል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም።

ዓይኔ በታሸገባቸው ሳምንታት፣ ሱቃቸውን በ11 ሰዓት ዘግተው ቤቴ ይመጡ ነበር። የኔን ላፕቶፕ ከፍተው የመጣውን መልእክት ያነቡልኛል። አማርኛውን እንደ ወግ ያነቡታል። እንግሊዝኛው ሲመጣ፣ በተለይ ኮድ ሲሆን፣ ፊደል በፊደል ነው፤ "ቅንፍ ክፈት፣ ኤስ፣ ቲ፣ አር፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ነጠብጣብ ከሥሩ ሰረዝ ያለው" እያሉ። አንዲት መስመር እስክታልቅ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ጨለማ ውስጥ ተኝቼ መልሱን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በአሥሩም ጣታቸው ይጽፉታል። ያን ወር ከእኔ መልስ ያገኛችሁ ሁሉ፣ የጻፉላችሁ እትዬ ናቸው። አንድ ማታ ደክሟቸው ድምፃቸው ሲቆራረጥ "ይብቃን እትዬ" አልኳቸው። "አንድ ሰው ጠይቆ መልስ ሳያገኝ አያድርም" አሉኝና ቀጠሉ።

ይህን ስጽፍ እንባዬ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሐኪሙም አታልቅስ ብሎኝ ነበር።

ስማችሁን ያልጠራሁ ብዙ ናችሁ። አንድ ፊደል ያረማችሁ፣ አንድ ፎንት የላካችሁ፣ አንድ ሌሊት አብራችሁኝ ያመሻችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አብራችሁኝ ጀምራችሁ በኑሮ ምክንያት የተለያችሁ፣ አብራችሁን ሠርታችሁ ዛሬ በሕይወት የሌላችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ። ዝርዝር ልጽፍ ጀምሬ ነበር፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ዓይኔ እምቢ አለኝ። የከፋኋችሁም ካላችሁ፣ ኮዳችሁን ሳላየው ወራት ያሳለፍኩባችሁ፣ በአጭር ቃል የመለስኳችሁ፣ እንደዚሁ ይቅርታ።

ትናንት እትዬ ጋ ጎራ ብዬ ነበር። ሰባቱን ደብተሮች በፌስታል አድርገው ለልጅቷ ሰጥተዋታል። ስምንተኛው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አለ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሦስት የወንዝ ስም ተጽፏል። አዲሱ ቨርዥን ሐሙስ ከሰዓት ይሞከራል። እኔም እመጣለሁ ብያቸዋለሁ፤ ዱካዋን ለልጅቷ ለቅቄ፣ በር አጠገብ ባለው የባለጉዳይ አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ።